«የያዛችሁትን ቁጥር አውቃለሁ»፦ የካልኩሌተር ጨዋታና ከጀርባው ያለው ሚስጥር

ስልካችሁን አውጡና ካልኩሌተሩን ክፈቱ። ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ምረጡ። የመጀመሪያው አሃዝ ከመጨረሻው ቢያንስ በሁለት የሚበልጥ ይሁን፤ ለምሳሌ 723 ወይም 851። ለማንም አትንገሩ። አሁን ቁጥሩን ገልብጡት፤ 723 ከሆነ 327 ይሆናል። ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሱ። ያገኛችሁትን ውጤት እንደገና ገልብጡና ከራሱ ከውጤቱ ጋር ደምሩት።

ጨረሳችሁ? ስልካችሁ ላይ ያለው ቁጥር 1089 ነው።

እኔ ይህን የጻፍኩት እናንተ ቁጥሩን ከመምረጣችሁ በፊት ነው። ሐሳባችሁን አላነበብኩም፤ ማንበብም አልችልም። ታዲያ በምን አወቅሁ? መልሱን የሚያውቅ ሰው ሁለት ነገር ያተርፋል። አንደኛ፣ በዓርብ ዕረፍት ጓደኞቹን፣ በሥራ ቀን ደግሞ የቤቱን ልጆች የሚያስደንቅበት ጨዋታ ያገኛል። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ስልኩ ጮኾ የማያውቀው ሰው «ቁጥርህን አውቀዋለሁ» ሲለው አይደነግጥም።

እዚህ ደማም አል ሙሐመዲያ ውስጥ የትርጉም ሥራ ስሠራ፣ እህቶች ስልካቸውን ይዘው «ይህ መልእክት ምን ይላል?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ነው። ከመልእክቶቹ መካከል ጥቂት የማይባሉት ስለ ቁጥር ናቸው፦ የኢቃማ ቁጥር፣ የካርድ ቁጥር፣ የማረጋገጫ ኮድ። ስለዚህ ዛሬ ከጨዋታው እንጀምርና ወደ ቁም ነገሩ እንሄዳለን።

1089 ከየት መጣ?

የመረጣችሁትን ቁጥር ገልብጣችሁ ስትቀንሱ ሊወጡ የሚችሉት ውጤቶች ስምንት ብቻ ናቸው፦ 198፣ 297፣ 396፣ 495፣ 594፣ 693፣ 792 እና 891። ደህና አድርጋችሁ ተመልከቷቸው። የሁሉም መካከለኛ አሃዝ 9 ነው። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ አሃዞች ሲደመሩም 9 ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ቁጥር ገልብጦ ከራሱ ጋር የደመረ ሁሉ 1089 ላይ ይደርሳል። ሌላ መውጫ በር የለውም።

እናንተ «ከብዙ ቁጥሮች አንዱን በነፃ መረጥኩ» ብላችሁ አስባችኋል። እውነት ነው፣ መርጣችኋል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የታዘዛችሁት ማገላበጥና መቀነስ የመረጣችሁትን ቁጥር ቀስ በቀስ አጥፍቶታል። የቀረው የእኔ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ጨዋታ ይህ ነው፤ ምርጫችሁ ይጠፋል፣ መልሱ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ልደቷን ራሷ ትነግራችኋለች

ሁለተኛው ዓይነት የተለየ ነው። እዚህ የያዛችሁት ቁጥር አይጠፋም፤ ተጠቅልሎ ይሰጣል። ጓደኛችሁን ካልኩሌተር አስይዟትና የተወለደችበትን ወርና ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንድታስብ ንገሯት። መስከረም 1፣ ጥቅምት 2 እያለች ትቁጠር፤ ነሐሴ 12፣ ጳጉሜን ደግሞ 13 ነው። ከዚያ እንዲህ በሏት፦

የወሩን ቁጥር በ5 አባዢ። 6 ደምሪ። በ4 አባዢ። 9 ደምሪ። በ5 አባዢ። የተወለድሽበትን ቀን ደምሪ። ውጤቱን ንገሪኝ።

እናንተ ከምትነግራችሁ ቁጥር ላይ በልባችሁ 165 ቀንሱ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ቀኑ፣ ከእነሱ በፊት ያለው ወሩ ነው። ለምሳሌ ነሐሴ 24 የተወለደች ሴት 1389 ትላችኋለች። 165 ሲቀነስ 1224 ይቀራል፦ ወር 12፣ ቀን 24። ጳጉሜን 3 የተወለደች 1468 ትላለች፤ 165 ስትቀንሱ 1303 ታገኛላችሁ፤ 13ኛው ወር፣ ቀን 3። ጨዋታው በፈረንጆቹ 12 ወርም ይሠራል፤ በእኛ 13 ወርም አይደናገርም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በ5፣ በ4፣ እንደገና በ5 ማባዛት በ100 ማባዛት ነው። ወሩ ሁለት ቤት ወደ ግራ ተገፍቶ በስተቀኝ ለቀኑ ባዶ ቦታ ይለቃል። በመሐል የተደመሩት 6 እና 9 ተባዝተው 165 ይሆናሉ። ሥራቸው ነገሩን ማደናገር ብቻ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይጠረጋሉ።

ጓደኛችሁ «እንዴት አወቅሽ?» ብላ ትገረማለች። ልብ በሉ፤ እናንተ ምንም አላወቃችሁም። ራሷ ነች የነገረቻችሁ። በቀጥታ «ልደትሽ መቼ ነው?» ብትሏትና ብትመልስ አይገርማትም ነበር። ቁጥሩ በሌላ ቁጥር ተሸፍኖ ሲወጣ ግን የነገረች አልመሰላትም። ይህን ነጥብ ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የተደበቀው አሃዝ

ሦስተኛው ለልጆች የሚመች ነው። ማንኛውንም ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይጻፍ፤ ለምሳሌ 4628። አሃዞቹ ይደመሩ፦ 4፣ 6፣ 2 እና 8 ሲደመሩ 20። ከቁጥሩ ላይ 20 ይቀነስ፤ 4608 ይቀራል። አሁን ልጁ ከዜሮ በስተቀር አንዱን አሃዝ ደብቆ የቀሩትን ይንገራችሁ። 6ን ደብቆ «4፣ 0፣ 8» ካለ ደምሩት፤ 12 ነው። ከ12 በላይ ያለው የ9 ብዜት 18 ነው። ከ12 እስከ 18 ስንት ቀረ? 6። የደበቀው እሱን ነው። ድምሩ ራሱ 9 ወይም 18 ቢሆን የተደበቀው 9 ነው።

ከማንኛውም ቁጥር ላይ የአሃዞቹ ድምር ሲቀነስ የሚቀረው ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ለ9 የሚካፈል ቁጥር ደግሞ አሃዞቹ ሲደመሩ የ9 ብዜት ይሆናሉ። የጎደለችው አሃዝ ራሷን የምታጋልጠው ለዚህ ነው።

ከዐረብ ልጆች ጋር ስትጫወቱ የሚያስፈልጓችሁ ቃላት እነዚህ ናቸው። «ቁጥር አስብ» ለወንድ «ፈክኪር ፊ ረቅም»፣ ለሴት «ፈክኪሪ ፊ ረቅም» ነው። ደምር «ኢጅመዕ»፣ ቀንስ «ኢጥረሕ»፣ አካፍል «ኢቅሲም»፣ አባዛ «ኢድሪብ» ይባላል። የመጨረሻው ቃል «ምታ» ማለትም ነው፤ ዐረቦች ቁጥርን በቁጥር «ይመቱታል»። ስለዚህ ልጁ «ኢድሪብ» ስትሉት ወንድሙን እንዳይመታ ከኋላው «ፊ ኸምሳ»፣ በአምስት፣ ብላችሁ ጨምሩበት።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሳዑዲ ዓረቢያ ጥንቆላና አስማት፣ «ሲሕር» የሚባለው፣ በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ልጅ ደግሞ የሰማውን እንዳለ ለእናቱ ይናገራል። «ሠራተኛዋ በልቤ ያሰብኩትን ታውቃለች» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቤት ውስጥ ነገር ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ «አስማት ላሳይህ» አትበሉ። መጀመሪያም መጨረሻም «ሃዛ ሒሳብ፣ ሙ ሲሕር» በሉ፤ ይህ ሒሳብ ነው፣ ድግምት አይደለም ማለት ነው። ማዳም ባለችበት ተጫወቱ፤ ከተገረሙ ወዲያው አሠራሩን አስረዷቸው። ልጁ ራሱ ለአባቱ ሲያሳይ የእናንተ ጨዋታ የልጁ የሒሳብ ትምህርት ይሆናል። ጨዋታውን የማይወድ ቤት ከሆነ ደግሞ ለጓደኞቻችሁ አስቀምጡት።

የእኛው ሊቃውንት ቀሪ

ቁጥርን አካፍሎ ከቀሪው መልስ ማግኘት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዚሁ ስም ሰፊ መጽሐፍ ጽፈውበታል። ከእሱ አንዷን ስሌት በስልካችሁ ሞክሩ። የጓደኛችሁን የትውልድ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠይቁ፤ 1990 አለች እንበል።

5500 ደምሩበት፤ 7490 ይሆናል። ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል። ለ4 አካፍሉት፤ ካልኩሌተሩ 1872.5 ይላል። ከነጥቡ በኋላ ያለው 25 ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ ነው፤ 5 ከሆነ ማርቆስ፣ 75 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ከሌለ ዮሐንስ። የጓደኛችሁ ዓመት ዘመነ ማርቆስ ነበር። አሁን ነጥቡን ትታችሁ 1872ን ከ7490 ጋር ደምሩ፤ 9362። ለ7 ስታካፍሉት 1337 ጊዜ ደርሶ 3 ይተርፋል። የተረፈው 1 ከሆነ የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ ማክሰኞ ነው፤ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1990 ሐሙስ ዋለ። በስልካችሁ የቀን መቁጠሪያ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997ን ፈልጉና አረጋግጡ፤ ሐሙስ ነው።

ይህ ማንም ሰው ደግሞ ሊፈትነው የሚችል ሒሳብ ነው። ሐሰት ከሆነ የቀን መቁጠሪያው ያጋልጠዋል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ ግን የማይፈተን ሌላ ስሌትም እናውቃለን። በአውደ ነገሥት ኮከብ የሚቆጥር ሰው ስማችሁንና የእናታችሁን ስም ይጠይቃል። ለፊደላቱ ቁጥር ይሰጣል፣ ይደምራል፣ በ12 ይገድፋል፤ የቀረው ኮከባችሁ ነው ይላል። ዐረቦችም «ሒሳብ አል-ጁመል» የሚባል የፊደል ቁጥር አላቸው፤ አሊፍ 1፣ ባ 2፣ ጂም 3፣ ዳል 4 ነው። ባለቅኔዎቻቸው የአንድ ነገር ዓመት በግጥም ስንኝ ውስጥ ለመሰወር ይጠቀሙበት ነበር፤ ሌሎች ደግሞ ለጥንቆላ።

ማካፈሉ ትክክል ነው፤ ከ12 የሚቀረውም በትክክል ይወጣል። ነገር ግን ከ120 ሚሊዮን በላይ የሆነ የአገራችን ሕዝብ በ12 ኮከብ እኩል ቢደለደል፣ በአንዱ ኮከብ ሥር 10 ሚሊዮን ሰው ይገባል። «ከሩቅ አገር ነሽ፣ የምትናፍቂው ሰው አለ፣ ገንዘብ ከእጅሽ አይበረክትም» ሲላችሁ ልክ ቢመስል አይግረማችሁ። ለየትኛዋ የቤት ሠራተኛ ነው ይህ ልክ የማይሆነው? በስልክ «መፍትሔ አለኝ፣ ይህን ያህል ሪያል ላኪ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ የሚያውቀው እናንተን ሳይሆን የሁላችንን ችግር መሆኑን አስታውሱ።

በሰው እጅ የቆየ ስልክ

አንድ የመጨረሻ ጨዋታ ልጨምር። እናንተ ሳያዩዋችሁ በካልኩሌተራችሁ ላይ 2017 ከዚያ + ከዚያ 0 ከዚያ × ጻፉ። ስልኩን ለጓደኞቻችሁ ስጧቸውና «እያንዳንዳችሁ የፈለጋችሁትን ቁጥር እያባዛችሁ ተቀባበሉ» በሉ። 45 በ78 በ12 ቢያባዙም፣ ሌላ ቢያባዙም፣ = ሲነካ የሚወጣው 2017 ነው። ካልኩሌተሩ ከመደመር በፊት ማባዛትን ያስቀድማል፤ በዜሮ የተባዛ ሁሉ ዜሮ ነው፤ የሚቀረው ቀድሞ የተጻፈው ነው። አንዳንድ ስልኮች የተጻፈውን መስመር በሙሉ ስለሚያሳዩ ጨዋታው እነሱ ላይ አያምርም።

እዚህ ላይ ጓደኞቻችሁ ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ ስልኩ እኔ እጅ ከመግባቱ በፊት ማን ምን አደረገበት? ዜሮ የሚለው ቃል የመጣው ከዐረብኛው «ሲፍር»፣ ባዶ ከሚለው ነው። የምስጢር ኮድ ማለት የሆነው «ሺፍራ»ም ከዚያው ቃል ተነሥቶ በአውሮፓ በኩል ዞሮ ወደ ዐረብኛ የተመለሰ ነው። ባዶውና ምስጢሩ አንድ ግንድ አላቸው። በጨዋታችንም ምስጢሩን የሸሸገው ያ ባዶ ነው።

አሁን ስልኩ ጮኸ

የቤት ሠራተኞች ደመወዝ በሙሳነድ በኩል በባንክ ወይም በዲጂታል ዋሌት እንዲከፈል የሚያደርገው አሠራር ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። ማስረጃ ስለሚሆን ለሠራተኛው ይጠቅማል። ነገር ግን ላባችሁ አሁን ያለው ሣጥን ውስጥ አይደለም፤ ከጥቂት አሃዞች ጀርባ ነው። አጭበርባሪውም የሚፈልገው እነዚያን አሃዞች ነው። የሚጠቀመው ዘዴ ደግሞ ከላይ የተጫወትነውን ይመስላል።

መጀመሪያ አዋቂ ይመስላል። «ከባንክ ነው የምደውለው፤ የኢቃማ ቁጥርሽ በ2 ይጀምራል፣ ልክ ነኝ?» ይላል። ልክ ነው። የነዋሪ የውጭ ዜጋ የኢቃማ ቁጥር ሁሉ በ2 ይጀምራል፤ የዜጎች መታወቂያ በ1። «ካርድሽ በ4 ይጀምራል» ይላል። የቪዛ ካርድ ሁሉ በ4 ይጀምራል፤ የመጀመሪያዎቹ አሃዞች የባንኩ መለያ እንጂ የእናንተ ምስጢር አይደሉም። «አገር ቤት ያለው የንግድ ባንክ ሒሳብሽ 1000 ብሎ ይጀምራል» ይላል። የስንቱ ሰው ሒሳብ ነው በ1000 የሚጀምረው! ይህ ሁሉ 1089 ነው፤ እናንተ ስልኩን ከማንሣታችሁ በፊት መልሱ ተጽፏል።

ስማችሁን ወይም ሙሉ የኢቃማ ቁጥራችሁን ቢጠራም አትደናገጡ። ለሲም ካርድ፣ ለሐዋላ፣ ለፎቶ ኮፒ ስንት ቦታ ሰጥታችሁታል? ቁጥራችሁን ማወቁ ባንክ መሆኑን አያሳይም።

ከዚያ እንደ ልደቱ ጨዋታ ራሳችሁ እንድትነግሩት ያደርጋል። «አሁን መልእክት ይደርስሻል፤ በውስጡ ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ።» ባለ አራት አሃዝ ኮድ ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ባለ ስድስት አሃዝ ደግሞ 1,000,000። ማንም አዋቂ በግምት አይደርስበትም፤ ጥቂት ጊዜ ከተሳሳተም ይዘጋበታል። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የእናንተ አፍ። «ኮዱን አትንገሪኝ፣ ግድ የለም፣ 5 ደምረሽበት ድምሩን ብቻ ንገሪኝ» ቢላችሁ እንኳ ያው መስጠት ነው፤ 165 ቀንሰን ልደት እንዳገኘነው እሱም 5 ይቀንሳል።

በመጨረሻም ስልካችሁን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይፈልጋል። «ይህን መተግበሪያ ጫኚ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አስተካክልልሻለሁ» ይላል። ስክሪናችሁን ከሩቅ የሚያይ መተግበሪያ ከጫናችሁ ኮዱን መናገር እንኳ አያስፈልጋችሁም። በሰው እጅ የቆየውን ካልኩሌተር አስታውሱ።

የሚመጣውን የዐረብኛ መልእክት ለማንበብ ሦስት ቃላት ይበቋችኋል። «ረምዝ» ኮድ ነው። «ረቅም ሲርሪ» የምስጢር ቁጥር ነው። «ላ ቱሻሪክ» ደግሞ «አታጋራ» ማለት ነው፤ ከኮዱ ጋር ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይመጣል። ዐረብኛ የምታነብ ጓደኛ ካለቻችሁ እነዚህን በስልካችሁ ላይ አንድ ጊዜ እንድታሳያችሁ አድርጉ፤ ቅርጻቸውን ከለያችሁ ይበቃል። መልእክት ስታስተረጉሙም ኮዱን በጣታችሁ ሸፍናችሁ አሳዩ፤ ለአስተርጓሚም ቢሆን ምስጢሩ አያስፈልገውም።

ኮድ ሰጥታችሁ ከሆነ በማፈር ጊዜ አታጥፉ። ወዲያው በካርዱ ጀርባ ወይም በዋሌቱ መተግበሪያ ውስጥ ባለው ቁጥር ደውላችሁ ሒሳቡን አዘጉ፤ የምስጢር ቁጥሩን ለውጡ፤ የሚያግዛችሁ ካለ ቤት ውስጥ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ደዋዩ በሰጣችሁ ቁጥር ግን መልሳችሁ አትደውሉ።

በሚቀጥለው ዓርብ የልደቱን ጨዋታ ለአንዲት ጓደኛችሁ አሳዩአት። ስትገረም ምስጢሩን አትደብቁባት፤ 165ን ንገሯትና «አየሽ፣ እኔ አላወቅሁም፣ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ» በሏት። ይህን አንዴ በገዛ እጇ ያየች ሴት፣ ነገ አንድ የማታውቀው ድምፅ «ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ» ሲላት ስልኩን ለመዝጋት ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም።